የፊት ሞላው በእርግጥ ሞቷል ወይ? የሞተር ሳይክል ፎርክ ሞላን በቤት ስለ መቀየር

ጥያቄ፦ «በካዛንቺስ፣ በአራት ኪሎና በፒያሳ መካከል ዕቃ በማድረስ እተዳደራለሁ። ባለ 150 ሲሲ ቦክሰር አለኝ፤ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ስወርድ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ፊቷ ጥልቅ ይላል፤ ኮብልስቶን ላይ ደግሞ ‹ቋ› የሚል ድምፅ ይሰማኛል። አንድ ጋራዥ ‹ሞላው ሞቷል፣ ይቀየር› አሉኝ። ጓደኛዬ ግን የድሮውን ጎትቶ ማስረዘም ወይም ከላይ ሮንዴላ መጨመር ይበቃል ይላል። ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልቀይረው እችላለሁ ወይ? ክሪክና ተራ የቁልፍ ስብስብ አለኝ፤ ቶርክ ሬንች (የብሎን ጥብቀት የሚለካ ቁልፍ) ግን የለኝም።»

ምላሽ፦ ውድ ጠያቂ፣ አጭሩ መልስ «አዎ፣ ይችላሉ» የሚል ነው። ሆኖም አንድ ብሎን እንኳ ከመፍታትዎ በፊት ሞላው በእርግጥ መሞቱን ማረጋገጥ ይኖርብናል። በጋራዦቻችን «ሞላው ሞቷል» የሚለው አነጋገር ፊቱ ለሚጠልቅ ሞተር ሳይክል ሁሉ የሚሰጥ ፍርድ ሆኗል። እኔ ዘንድ ለዚሁ ጉዳይ ከመጡት መካከል ዘይታቸው ብቻ ተቀይሮ የዳኑ ብዙ ናቸው፤ አዲስ ሞላ ከተገጠመላቸው በኋላ ጥፋቱ የመሪው ኩሽኔታ ሆኖ የተገኘም አሉ። ስለዚህ ከገንዘብዎ በፊት ሜትርዎን ያውጡ።

የእርስዎ ፎርክ፣ ማለትም የፊቱን ጎማ የያዙት ሁለት እግሮች፣ ከሁሉም ቀላሉ ዓይነት ነው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ቱቦዎች አሉት። የሚያብረቀርቀው ቀጭኑ ቱቦ ከላይ በመሪው ማቀፊያዎች ተይዞ ይቆማል፤ ወፍራሙ የአሉሚኒየም እግር ደግሞ ጎማውን ይዞ በቀጭኑ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቀጭኑ ቱቦ ውስጥ ረጅም ሞላ አለ፤ ከሞላው ሥር ጎኑ የተበሳሳ ዘንግ ቆሟል፤ ዙሪያው ዘይት ነው፤ ከዘይቱ በላይ እስከ ክዳኑ ያለው ደግሞ የታፈነ አየር ነው። የእነዚህ የሥራ ድርሻ የተለያየ ነው። ሞላው ክብደቱን ይሸከማል። ዘይቱ በዘንጉ ቀዳዳዎች እየተገፋ ሲያልፍ እንቅስቃሴውን ያረግባል፤ ይኸውም ፊቱ እስከ የት እንደሚጠልቅ ሳይሆን በምን ፍጥነት እንደሚጠልቅ፣ ከጠለቀ በኋላም እየነጠረ እንዳይቀጥል የሚወስነው እርሱ ነው። የታፈነው አየር ፎርኩ ወደ መጨረሻው ሲታመቅ እንደ ሁለተኛ ሞላ ሆኖ ያግዛል። ዘይት በጎደለ ቁጥር የአየሩ ቦታ ይሰፋል፣ እገዛውም ይቀንሳል። ዘይት ያነሰበት ፎርክ፣ ሞላው ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ታች ድረስ ሄዶ «ቋ» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

ምርመራውን ከድምፁ እንጀምር። ሞተር ሳይክሉን በመሐል ማቆሚያው አቁመው የፊቱን ጎማ ከመሬት ያንሱ፤ ከዚያም ሁለቱን የፎርክ እግሮች ከታች ጨብጠው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉ፣ ይሳቡ። በእጅዎ መዳፍ ላይ ትንሽ ልቅነት ወይም «ቀጭ» የሚል ነገር ከተሰማዎት በመሪው አንገት ውስጥ ያለው ኩሽኔታ ላልቷል ማለት ነው። ፍሬን ሲይዙ የሚሰሙት ድምፅም ከዚያ ሊሆን ይችላል፤ ኩሽኔታው ሳይጠብቅ የዓለም ምርጥ ሞላ ቢገባ ድምፁ አይጠፋም። ቀጥሎ ሞተር ሳይክሉን መሬት አውርደው፣ የፊት ፍሬኑን ይዘው፣ መሪውን በክብደትዎ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት። ደኅና ፎርክ አንድ ጊዜ ተመልሶ ይወጣና ይረጋል። ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ካለ የደከመው ዘይቱ ነው። በመጨረሻም ቱቦውን የሸፈነውን የላስቲክ ከረጢት ወደ ላይ ሰብስበው የሚያብረቀርቀውን ቱቦ በጣትዎ ይዳብሱት። እርጥብ የዘይት ቀለበት ካገኙ ኦይል ሲሉ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው የላስቲክ ቀለበት) እያፈሰሰ ነው፤ ቱቦው ላይ ጥፍርዎን የሚይዝ ጭረት ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ ደግሞ አዲስ ሲልም ብዙ አይቆይም።

አሁን ወደ ሞላው እንምጣ። ሞላ በዕድሜ ብዛት ይለሰልሳል የሚለው እምነት ከስሜት የመነጨ እንጂ ከብረቱ ጠባይ የመነጨ አይደለም። የሞላ ጥንካሬ የሚወሰነው በብረቱ ዓይነት፣ በሽቦው ውፍረት፣ በጥቅሉ ስፋትና በጥቅልሎቹ ብዛት ነው፤ ዝገት ካልበላቸው በቀር እነዚህ በአገልግሎት ብዛት ይህ ነው በሚባል መጠን አይለወጡም። የሚሆነው ሞላው ማጠሩ ነው። ለዓመታት ሲታመቅና ሲዘረጋ ኖሮ ወደ ቀድሞ ቁመቱ መመለስ ያቅተዋል፤ ባጠረው ልክም የሞተር ሳይክሉ ፊት ዝቅ ብሎ ይቆማል። ጥንካሬው ያው ነው፤ የጠፋው ቁመቱ ነው። ይህ ልዩነት ቃላት መሰንጠቅ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን የጓደኛዎ ሁለት ምክሮች አንዱ ለምን ከንቱ እንደሆነ፣ ሌላው ደግሞ ለምን በከፊል ትክክል እንደሆነ የሚገልጸው ይኸው ነው።

ፎርኩን ሳይፈቱ ማጠሩን የሚያውቁበት ልኬት ሁለት ረዳቶች ይፈልጋል። በመጀመሪያ የፊቱ ጎማ አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው ዘንግ መሐል እስከ ታችኛው ማቀፊያ ያለውን ርቀት በሜትር ይለኩ። ከዚያ ጎማውን መሬት አስነክተው፣ የሥራ ልብስዎን ለብሰው፣ ሳጥኑን እንደ ወትሮው ጭነው ይቀመጡ፤ አንዱ ረዳት ከኋላ ደግፎ ይያዝዎት። ሌላው ፊቱን በትንሹ ተጭኖ ቀስ ብሎ እንዲለቀው ያድርጉና ያንኑ ርቀት ይለካ፤ አሁንም በትንሹ ወደ ላይ አንሥቶ ቀስ ብሎ እንዲለቀው ያድርጉና ደግሞ ይለካ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል አይመጡም፤ በሲሉና በቱቦው መካከል ያለው ፍትጊያ ይዞ ስለሚያስቀራቸው ነው፤ ስለዚህ አማካያቸውን እንወስዳለን። ለምሳሌ ጎማው ተንጠልጥሎ 520፣ ተጭኖ ሲለቀቅ 462፣ ተነሥቶ ሲለቀቅ 474 ሚሊ ሜትር ቢመጣ፣ አማካዩ 468፣ ዝቅታው (ከ520 ላይ አማካዩ ሲቀነስ) ደግሞ 52 ሚሊ ሜትር ነው። በከተማ መንገድ ለሚነዳ ሞተር ሳይክል ዝቅታው ከፎርኩ ጠቅላላ ጉዞ፣ ማለትም ተዘርግቶ ካለበት እስከ መጨረሻው እስኪታመቅ ከሚሄደው ርቀት፣ ከ25 እስከ 35 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው። ጉዞው 125 ሚሊ ሜትር ለሆነ ፎርክ ይህ ከ31 እስከ 44 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። 52 ከመጣ ሞላው አጥሯል፣ ወይም ከመነሻው ለጭነትዎ የሚበቃ አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ልጨምር፤ የእርስዎን ቅሬታ በቀጥታ ስለሚመልስ ነው። ሞተር ሳይክሉ፣ እርስዎና ሳጥኑ በአንድነት 205 ኪሎ ግራም ትመዝናላችሁ እንበል። የክብደቱ ማዕከል ከመሬት 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የሁለቱ ጎማዎች ርቀት ደግሞ 128 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ ከመሬት ስበት ግማሽ በሚሆን ኃይል ፍሬን ሲይዙ 48 ኪሎ ያህል ጭነት ከኋላው ጎማ ወደ ፊተኛው ይዛወራል። እያንዳንዱ ሞላ አንድ ሚሊ ሜትር ለመታመቅ ግማሽ ኪሎ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድነት አንድ ኪሎ ይጠይቃሉና ፊቱ 48 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የፎርኩን ማዘንበልና የአየሩን ግፊት ለማቅለል ትቼዋለሁ። ሞላው አዲስ ሆኖ ዝቅታው 37 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ ፍሬን ተይዞ በድምሩ 85 ይሆናል፤ ለጉድጓዱና ለኮብልስቶኑ 40 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ሞላው 15 ሚሊ ሜትር ካጠረ ግን ዝቅታው 52፣ ከፍሬኑ ጋር 100 ይሆናል፤ የሚተርፈው 25 ብቻ ነው። ይህን ቁጥር በቸርችል ጎዳና ላይ ያስቡት፦ ቁልቁለቱ ራሱ ክብደት ወደ ፊት ይጥላል፣ ከፊትዎ ታክሲ ድንገት ይቆማል፣ ፍሬን እንደያዙ የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ያለበት ዝቅ ያለ ቦታ ይገጥምዎታል፤ 25 ሚሊ ሜትሩ አልቆ ብረት ከብረት ይጋጫል። ከዚሁም የሚከተለው፣ ፍሬን ሲያዝ ፊቱ መጥለቁ በራሱ ብልሽት አለመሆኑን ነው። ጨርሶ እንዳይጠልቅ አድርጎ ማጠንከር ኮብልስቶኑን ሁሉ በእጅ አንጓዎ ላይ ማውረድ ነው።

ወደ ጓደኛዎ ምክር ልመለስ። ጎትቶ ማስረዘም አይሠራም። ሞላ ፋብሪካ ውስጥ ተጠቅልሎ በሙቀት ታክሞ የወጣ ብረት ነው፤ በክሪክ ወይም በመኪና ወጥረው ሲያስረዝሙት ብረቱን ከአቅሙ በላይ ያስገድዱታል፣ ጥቅልሎቹም እኩል አይከፈቱም፤ በሥራ ላይ ሲውል ተመልሶ ማጠሩ አይቀርም። ቆርጦ ማሳጠር ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት አያለሰልስም፤ በተቃራኒው 40 ጥቅልል ካለው ሞላ አራቱን ቢቆርጡ የቀረው 11 በመቶ ያህል ይጠነክራል፤ የቆረጡትን ቁመት ግን በሌላ ነገር መሙላት ይኖርብዎታል። ሮንዴላ ወይም ማራዘሚያ ቱቦ ከላይ መጨመር ሞላውን አያጠነክርም፤ የጠፋውን ቁመት ግን ይመልሳል። 15 ሚሊ ሜትር ያጠረ ሞላ ላይ 15 ሚሊ ሜትር ቢጨመር ዝቅታው ወደ 37 ይመለሳል፤ ይህን መካድ አልችልም፣ ተቸግረው ለሚያሠሩም ራሴ የሠራሁት ነው። አደጋው ያለው «ትንሽ ልጨምርበት» ሲባል ነው። ሽቦው 4 ሚሊ ሜትር ወፍሮ 60 ጥቅልል ያለው ሞላ ጥቅልሎቹ ተነካክተው ሲያልቁ ቁመቱ 240 ሚሊ ሜትር ነው፤ ነጻ ቁመቱ 400 ከሆነ ሊታመቅ የሚችለው 160 ብቻ ነው። ሲገጠም ቀድሞ የሚታመቀው 20 እና የፎርኩ ጉዞ 125 ሲደመሩ 145 ናቸው፤ ስለዚህ 15 ሚሊ ሜትር ትርፍ አለ። ሞላው ሳያጥር ከላዩ 20 ቢጨምሩበት ወይም ባጠረው ላይ ካጠረበት በላይ ቢከምሩበት፣ ፎርኩ ጉዞውን ሳይጨርስ ሞላው ብረት ለብረት ይገጥምና እንደ ድፍን ዘንግ ይሆናል። ሳንቲም መደርደርን ግን በምንም መልኩ አልደግፍም፤ ይንሸራተታል፣ ዘንበል ይላል፣ የሚፋቀውም ብረት ዘይቱ ውስጥ ይገባል።

አዲስ ሞላ ለመግዛት ከወሰኑ ሶማሌ ተራም ሆነ መርካቶ ሲሄዱ የድሮውን ሞላና አንድ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዘው ይሂዱ። ሻጩ «ለቦክሰር ነው» ማለቱ በቂ አይደለም። የውጭ ስፋቱን፣ የጥቅልሎቹን ብዛትና የሽቦውን ውፍረት ከድሮው ጋር ያስተያዩ፤ ቁመቱን ግን በመመሪያው መጽሐፍ ካለው ቁጥር ጋር ነው የሚያስተያዩት፣ የድሮው አጥሯልና። በተለይ በሽቦው ውፍረት አይቀልዱ። የሞላ ጥንካሬ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ስለሚያድግ፣ 4 ሚሊ ሜትር የነበረው 4.2 ቢሆን በዓይን የማይለይ ልዩነት ይመስላል፤ ጥንካሬው ግን ከ21 በመቶ በላይ ይጨምራል። ሁልጊዜም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱ አዲስ አንዱ አሮጌ የሆነ ፎርክ ጭነቱን በሁለቱ እግሮች እኩል አይሸከምም። ጥቅልሎቹ በአንድ ጫፍ ጠበቅ ጠበቅ ብለው በሌላው ሰፋ ያሉ ከሆነ የትኛው ጫፍ ወደ ላይ እንደነበር ሲያወጡ ምልክት ያድርጉበት።

ዘይቱን በተመለከተ፣ ለእነዚህ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚታዘዘው 10 ደብልዩ የሚል ጽሑፍ ያለበት የፎርክ ዘይት ሲሆን፣ ለአንድ እግር የሚፈልጉት ከሩብ ሊትር ያነሰ ነው፤ ትክክለኛው መጠን በመመሪያው ላይ አለ። ካጡ ኤቲኤፍ የሚባለውን የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት መጠቀም ይችላሉ፤ ቅጥነቱ ይቀራረባል፣ አንዳንድ አምራቾችም ለፎርክ ሲያዝዙት ኖረዋል። 20 ደብልዩ 50 የኢንጂን ዘይት መጨመር በየሠፈሩ የተለመደ ቢሆንም አልመክርም። በወፍራም ዘይት ፊቱ ቀስ ብሎ ስለሚጠልቅ ችግሩ የተፈታ ይመስላል፤ በተደጋጋሚ ጉብታ ላይ ግን ፎርኩ ተመልሶ ሳይወጣ ሌላው ይደርስበትና እየታመቀ እየታመቀ ይሄዳል፤ በታኅሣሥ ብርድ ጠዋት ደግሞ እንጨት ይሆናል። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አይጨመርም፤ የጎማ ክፍሎቹን ያበላሻል።

ሥራው የሚሠራበት ቦታ ጠፍጣፋ ይሁን። ግቢዎ ኮብልስቶን ወይም አፈር ከሆነ ከመሐል ማቆሚያው ሥር ወፍራም ጣውላ ያንጥፉ፤ ክሪኩንም ከኢንጂኑ ሥር በእንጨት ላይ አድርገው ይደግፉ። የጭስ ማውጫውን ቱቦ ግን አይደግፉበት። ሁለቱም የፎርክ እግሮች ወጥተው ሳለ የፊቱ ክፍል ምንም ተሸካሚ የለውም፤ አንድ ልጅ መጥቶ ቢደገፈው ይወድቃል፤ ስለዚህ የኋላውን ጎማ በገመድ ይሰሩትና ልጆችን ያርቁ። ከመፍታትዎ በፊት ቱቦዎቹ ከላይኛው ማቀፊያ ምን ያህል ወጥተው እንደሚታዩ ይለኩና ይጻፉ፤ ፎቶም ያንሡ። የእጅ ስልክ ለዚህ ሥራ ከብዙ ቁልፍ ይበልጣል።

ከሁሉም አደገኛው ቅጽበት የክዳኑ መፈታት ነው። በክዳኑ ሥር ሞላው ታምቆ ተቀምጧል፤ የመጨረሻው ጥርስ ሲለቅ ክዳኑ እንደ ጥይት ይዘላል። ከዓመታት በፊት ጊዮርጊስ አካባቢ በምትገኝ አንዲት ጠባብ ግቢ ስሠራ ቸኩዬ ፊቴን ወደ ቱቦው ደፍቼ ነበር፤ ስልክ ጠራኝና ቀና ባልኩበት አፍታ ክዳኑ ከእጄ አምልጦ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰርጉዶ ተመለሰ። ጎረቤቴ ድንጋይ የተወረወረ መስሏቸው ዱላ ይዘው ወጡ። ያ ስልክ ባይጠራ ኖሮ ይህን ጽሑፍ በአንድ ዓይን እጽፈው ነበር። ስለዚህ መነጽር ያድርጉ፣ ፊትዎን ከቱቦው አቅጣጫ ያርቁ፣ ክዳኑንም የሚፈቱት የፊቱ ጎማ አየር ላይ ሆኖ ፎርኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ሳለ ብቻ ነው።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ቱቦው በታችኛው ማቀፊያ እንደተያዘ በመጀመሪያ የላይኛውን ማቀፊያ ብሎን ያላሉ፤ ያ ብሎን የክዳኑን ጥርስ ጨምቆ ስለሚይዝ ሳይላላ ክዳኑን መታገል ጥርሱን ያበላሻል። በአንዳንድ ሞተር ሳይክሎች ደግሞ ክዳኑ ራሱ ቱቦውን ከላይኛው ማቀፊያ ጋር የሚያስረው ብሎን ነው፤ በሌሎች ላይ ክዳኑ ጥርስ የለውም፣ በቱቦው ውስጥ በተቀመጠ የሽቦ ቀለበት ተይዟል፤ እርሱን ለማውጣት ክዳኑን በዘንግ ወደ ታች የሚጫን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ባለ ጥርስ ከሆነ በቡሶላ ግማሽ ዙር ብቻ አላልተው ይተዉት። «ፍስስ» የሚል ድምፅ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ዝቅ ባለ አገር የተዘጋ ፎርክ እዚህ ሲከፈት ይተነፍሳል። ከዚያ ጎማውን፣ ፓራፋንጎውንና የታችኛውን ማቀፊያ ብሎን ፈትተው እግሩን እያሽከረከሩ ወደ ታች ይሳቡ። የእርስዎ የፊት ፍሬን ዲስክ ከሆነ ጎማው ወጥቶ ሳለ ማንም ሰው የፍሬኑን እጀታ እንዳይጨብጥ ያስጠንቅቁ፤ ፒስተኑ ይወጣል። እግሩን ወረቀት ባነጠፉበት ቦታ አቁመው፣ ክዳኑን በመዳፍዎ ወደ ታች እየተጫኑ ቀስ ብለው ጨርሰው ይፍቱት። ሞላው ቀስ ብሎ እጅዎን ይገፋል፤ ከዚያ ይለቃል።

ማራዘሚያውን፣ ሮንዴላውንና ሞላውን በወጡበት ቅደም ተከተል በጨርቅ ላይ ደርድረው እግሩን ገልብጠው ዘይቱን በዕቃ ይቀበሉ፤ እየገፉ እየሳቡ ደጋግመው ያንጠፍጥፉት። የወጣውን ይመልከቱት። ጥቁርና ግራጫ ሆኖ የብረት ብናኝ የሚያብለጨልጭበት ከሆነ ዕድሜውን ጨርሷል፤ እንደ ማኪያቶ ወተት መስሎ ከነጣ የክረምት ውኃ ገብቶበታል፣ ይህም የሲሉን ከንፈር ወይም የክዳኑን ቀለበት ይከስሳል። አሁን ሞላውን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው ሁለቱንም ይለኩ። ብዙ አምራቾች ከአዲሱ ቁመት 2 በመቶ ያህል ሲያጥር እንዲቀየር ያዝዛሉ፤ 400 ሚሊ ሜትር የነበረ ሞላ ከ392 በታች ከወረደ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው። ካልወረደ ገንዘብዎን ይዘው ዘይቱን ብቻ ቀይረው ይግጠሙት። ሱቅ የሚሄዱት ከዚህ ልኬት በኋላ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ሞተር ሳይክሉ አንድ ቀን ቆሞ ማደሩ አስቀድሞ ከመግዛት ይረክሳል።

አዲሱን ዘይት ሞላው ሳይገባ ያፍስሱ፤ ቱቦውን አሥር ጊዜ ያህል በቀስታ ከፍ ዝቅ አድርገው አረፋው እስኪወጣ አሥር ደቂቃ ይታገሡ። ከዚያ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ዝቅ አድርገው ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት ያለውን ርቀት ይለኩ። በጥንቃቄ ከሚሠራና በግምት ከሚሠራ ሰው መካከል ያለው ልዩነት የሚታየው እዚህ ነው። ውስጡ 26 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ የ10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ከ5 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንደማለት ነው። ስለዚህ በጆግ መለካት ብቻውን አይበቃም። በፋርማሲ የሚሸጥ ትልቅ ሲሪንጅ ጫፍ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብተው፣ በሚፈለገው ጥልቀት ላይ ምልክት አድርገው ትርፉን ይምጠጡ። ሁለቱ እግሮች ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይለያዩ።

ቱቦውን ወደ ላይ ዘርግተው ሞላውን፣ ሮንዴላውንና ማራዘሚያውን ያስገቡ፤ የክዳኑን የጎማ ቀለበት አዲስ አድርገው ዘይት ይቀቡት። የክዳኑ ጥርስ ደቃቅ ነው፤ ተንጋድዶ ከገባ ቱቦው ራሱ ይበላሻል። መላው ይህ ነው፦ ክዳኑን ተጭነው በመጀመሪያ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለው ያሽከርክሩት፤ ጥርሱ ከጥርሱ ሲገናኝ «ጠቅ» ብሎ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ማጥበቂያው የሚዞረው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች ያለ ቁልፍ በእጅ ካልሄዱ አውጥተው እንደገና ይጀምሩ።

ሲመልሱ ቱቦዎቹን በጻፉት ቁመት ልክ ያስገቡ፤ የታችኛውን ማቀፊያ አጥብቀው ክዳኑን ከመጨረሻው ጥብቀት ካደረሱ በኋላ የላይኛውን ማቀፊያ ይሰሩ። የጎማውን ዘንግ መጨረሻ ላይ ከማጥበቅዎ በፊት ሞተር ሳይክሉን መሬት አውርደው የፊቱን ክፍል አምስት ስድስት ጊዜ ይጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ትይዩ ሆነው የሚቀመጡት በዚህ ነው። የፊት ፍሬንዎ ታምቡሮ ከሆነ አንድ ነገር አጥብቄ አሳስብዎታለሁ፦ የፍሬን ሸራዎቹን የያዘው ሳህን ላይ ጎድጎድ ያለ መያዣ አለ፤ በፎርኩ እግር ላይ ካለው ጉጥ ጋር የግድ መጋጠም አለበት። ሳይጋጠም ቀርቶ ፍሬን ቢያዝ ሳህኑ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ሽቦውን ጠምዝዞ ጎማውን ይቆልፋል። በባትሪ መብራት አይተው፣ በጣትዎም ዳብሰው ያረጋግጡ።

ቶርክ ሬንች ስለሌለዎት አይጨነቁ፤ የሻንጣ መመዘኛ የእጅ ሚዛን ካገኙ ይበቃዎታል። መመሪያው ለክዳኑ 23 ኒውተን ሜትር ካለ፣ ከብሎኑ መሐል 20 ሳንቲ ሜትር በራቀ ቦታ ላይ የቁልፉን እጀታ በሚዛኑ መንጠቆ ይዘው ከእጀታው ጋር 90 ዲግሪ በሚሠራ አቅጣጫ ሲስቡ 12 ኪሎ ሊያሳይ ጥቂት ሲቀረው ደርሰዋል ማለት ነው። ለማንኛውም ብሎን ስሌቱ ያው ነው፦ ኒውተን ሜትሩን በርቀቱ በሜትር ያካፍሉ፣ ውጤቱን ለ9.8 ያካፍሉ፣ ኪሎውን ያገኛሉ። የአሉሚኒየም ማቀፊያዎች ላይ «ትንሽ ልጨምርበት» የሚል እጅ ብዙ ጥርስ ፈጅቷል።

ራስዎ እንዳይሞክሩት የምመክረው አንድ ሥራ ብቻ ነው፦ ኦይል ሲሉ የሚያፈስስ ከሆነ በእግሩ ሥር ያለው ባለ ስድስት ማዕዘን ብሎን መፈታት ይኖርበታል፤ የውስጡ ዘንግ አብሮ ስለሚዞር ያለ መያዣ መሣሪያ አይፈታም፣ የአዲሱ ሲል አገባብም ልክ የሆነ መምቻ ቱቦ ይፈልጋል። እግሮቹን ራስዎ አውጥተው በፌስታል ይዘው ወደ ጋራዥ ቢሄዱ የሚከፍሉት ለዚያ ሥራ ብቻ ይሆናል። የተቃጠለውን ዘይት በፕላስቲክ ጠርሙስ አጠራቅመው ዘይት ለሚቀይር ጋራዥ ይስጡት፤ የግቢዎ ቱቦ የሚወርደው ወደ ወንዝ ነው።

የመጀመሪያውን ሙከራ በቸርችል ቁልቁለት አይጀምሩት። እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት፣ በሜዳማ ቦታ በዝግታ ነድተው የፊት ፍሬኑን መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ከዚያ እየጠነከሩ ይያዙ፤ ቁመው የክዳኖቹን ዙሪያና የሲሎቹን ከንፈር በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉና ዘይት መኖሩን ይዩ። ከዚያ የላስቲክ ከረጢቱን ሰብስበው በሚያብረቀርቀው ቱቦ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርገው ይሰሩና ወደ ሲሉ አስጠግተው የተለመደ የሥራ ቀንዎን ይዋሉ። ማታ ማሰሪያው ከሲሉ ምን ያህል ርቆ እንደቆመ ይለኩ፤ በዚያ ላይ ያው ማሰሪያ ሲታሰር የነበረውን ዝቅታ ይደምሩበት። ድምሩ ከ110 እስከ 120 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፎርኩ ጉዞውን በሚገባ እየተጠቀመበት ነው፤ 125ቱን ሙሉ ከጨረሰ ግን የዘይቱን ፊት 10 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ደግመው ይሞክሩ፤ ከመመሪያው ወሰን ግን አይለፉ። ያም ካልበቃ የሁለቱን ሞላዎች ቁመት፣ የሽቦውን ውፍረትና የሳጥኑን ክብደት ጽፈው ይላኩልኝ፤ ቀጣዩን ስሌት አብረን እንሠራዋለን።